ካርዱ አልዳነም፦ በዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ለጤና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከየክፍለ ከተማው ጤና ጣቢያ የመጣችሁ ነርሶችና ጤና መኮንኖች፣ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ሬዚደንቶች፣ እንዲሁም ታማሚ ይዛችሁ ስትንከራተቱ ከርማችሁ ዛሬ አብራችሁን የተቀመጣችሁ ቤተሰቦች፤ እንደምን አደራችሁ። ከመርካቶም ከሳሪስም ተነስታችሁ በዚህ ዝናብ ልደታ ድረስ በሰዓቱ ስለደረሳችሁ አመሰግናለሁ።

መስከረም 30 በመጣ ቁጥር ስለ መገለል እንናገራለን። ኅብረተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ይሸሻል፣ ይደብቃል፣ ያስራል እንላለን። እውነት ነው። ዛሬ ግን ኅብረተሰቡን ልተወውና ስለ እኛ ልናገር። ኮሪደሩ ሞልቶ፣ ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስለምንጽፋት የበሽታ ስም ነው የምናገረው። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ ከዚህ ይሰፋል፤ የመጣሁት ግን ለዚህች ነው።

አንድ ሰው እንውሰድ። ዕድሜው 38 ነው እንበል። ወንድሙና አጎቱ ደግፈው ድንገተኛ ክፍል ያስገቡታል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ግድግዳው ላይ ትል ይሄዳል ይላል፤ ከአንሶላው ላይ የሌለ ነገር ይለቅማል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላቡ ይወርዳል። የመጡት ከጠበል ነው። አጎትየው «ጠበሉ ሲነካው ጮኸ፣ እኛም ያደረበት ነገር ነው አልን» ይላሉ። ተረኛው ያዳምጣል፤ የሌለ ነገር ማየት፣ ብቻውን ማውራት፣ መጮኽ። ካርዱ ላይ «ስኪዞፍሬንያ» ብሎ፣ የሌለ ነገር የሚያሰማና ሐሳብን የሚያዛባ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የአእምሮ ሕመም ስም ይጽፋል፣ ለዚሁ የሚሰጠውን ክሎርፕሮማዚን ያዛል፣ ቀጣዩን ይጠራል።

ያልተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው? ሰውዬው ለዓመታት ከአረቄ ተለይቶ አያውቅም። ጠበል ቦታ መጠጥ ክልክል ስለሆነ ከገባ ወዲህ አልቀመሰም፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡና ላቡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። እንደ ሚጥል በሽታ ያለው መንፈራገጥ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ይመጣል። ግራ መጋባቱና የሌለ ማየቱ ደግሞ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ። ይህ መጠጥ ማቆም ያመጣው ዲሊሪየም፣ ማለትም ከአካል ችግር የሚመጣ ድንገተኛ የአእምሮ መናጋት ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። የሚፈልገው የሚያረጋጋው ዳያዚፓም ነው፣ ፈሳሽ ነው፣ ከግሉኮስ በፊት የሚሰጥ ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1 ነው። ክሎርፕሮማዚኑ ብቻውን ሲሰጠው ጭራሽ ለመንፈራገጥ ያጋልጠዋል፣ የደም ግፊቱንም ያወርድበታል።

ዕድል ቀንቶት ተረፈ እንበል። በሳምንቱ አእምሮው ጠራ፣ አጎቱን በስም ጠራ፣ ምግብ ጠየቀ። ሰውዬው ዳነ። ካርዱ ግን አልዳነም። በወሩ ቀጠሮ ሌላ ባለሙያ ካርዱን ይገልጣል፤ «የታወቀ የስኪዞፍሬንያ ታካሚ፣ በመድኃኒት ላይ ያለ፣ ያው ይቀጥል» ብሎ ይጽፋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስተኛው ሰው ያንኑ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ሌላ ሆስፒታል ሲሄድ ሪፈር ወረቀቱ ላይ ይኸው ስም አብሮት ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ መንጋጋው ያለማቋረጥ ያላምጣል፣ ምላሱ ይወጣል ይገባል፤ ረጅም ጊዜ የተወሰደ መድኃኒት ያመጣው ነው። ቤተሰቡ «በሽታው ጸናበት» ይላል። ሥራ አጥቷል፣ የታጨችለት ቀርታለች። ይህ ሁሉ ሲሆን የመጀመሪያዋን ቀን ምርመራ መልሶ ያየ የለም።

ልድገመው፦ «ያው ይቀጥል» ምርመራ አይደለም! ስሙ በምን ምልክት፣ በስንት ጊዜ ቆይታ፣ ከማን በተገኘ ቃል እንደተሰጠ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ፣ የቀጠለው ስህተት ይሁን ሕክምና ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሰውነት እንጀምር። ድንገት የተለወጠ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ትንፋሽ፣ ኦክስጅን፤ ወዲያው ከጣት ደም ስኳር። አንገቱ ግትር ነው ወይ? ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት አለ? ከቆላ ከመጣ የወባ ምርመራ። ኤች አይ ቪና ቂጥኝ። ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት የእርግዝና ምርመራ። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይምጡ፤ ከነቲቢው መድኃኒት። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሳይክሎሰሪን የሌለ ድምፅ እንደሚያሰማ የማያውቅ ሰው፣ ቲቢ ክፍሉን ሳይጠይቅ አዲስ በሽታ ይሰይማል። ጫት ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል፣ ከእንቅልፍ ማጣቱ የቱ እንደቀደመ ይጠየቅ።

ቀጥሎ ትኩረቱን ፈትኑ። ዲሊሪየምን ከሌላው የሚለየው ይህ ነው፤ ትኩረት ይዋልላል፣ ጠዋት ደህና የነበረው ማታ ይጠፋበታል። ከ100 ላይ 7 እየቀነስክ ውረድ ማለት ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው የሂሳብ ፈተና እንጂ የትኩረት ፈተና አይደለም። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ይቁጠርላችሁ። ከቻለ ወራቱን ከነሐሴ እስከ መስከረም ወደ ኋላ፤ ጳጉሜን ላይ ቢደናገር አትያዙበት። ቀኑን ስትጠይቁ በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በእኛ ሰዓት። የገበሬን አእምሮ በፈረንጅ ቀን መመዘን ነውር ነው።

ከዚያ አስታማሚው። «ከመቼ ጀምሮ?» ስትሉ «ቆይቷል» የሚል መልስ አትቀበሉ። ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ? በመከር ወቅት አጨዳ ላይ ነበር? መጀመሪያ የተለወጠው የቱ ነው፤ እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ንግግሩ፣ ወይስ ከሰው መራቁ? ከዚያም ታካሚውን ብቻውን አነጋግሩት። ባልዋ አጠገቧ ቆሞ የምትናገር ሴት የምትነግራችሁ ባልዋ የፈቀደውን ነው። በኦሮምኛ ለሚናገር ታካሚ ልጁን አስተርጓሚ ካደረጋችሁ ደግሞ አሥር ዓረፍተ ነገር የተናገረው ሰው «ደህና ነኝ አለ» ተብሎ ይመለስላችኋል፤ የንግግሩ መዘበራረቅ የሚታወቀው ግን በእነዚያ በጠፉት ዓረፍተ ነገሮች ነበር።

የአእምሮ ሕመሞች ስምና መለኪያ ስለተዘረዘረባቸው የምደባ መጻሕፍት ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ «የፈረንጅ መጽሐፍ ለእኛ ምን ይጠቅማል» ስትሉ እሰማለሁ። መጽሐፎቹ ለምን እንደተጻፉ እንይ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ሆስፒታሎች ስኪዞፍሬንያ በጣም በዝቶ ይመዘገብ ነበር፤ በእንግሊዝ ደግሞ ዛሬ ባይፖላር የምንለው፣ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚግልበት አንዴ የሚወድቅበት ሕመምና የድብርት ሕመም። ሰዎች ምክንያቱን ከአገሩ አየርም፣ ከዘሩም፣ ከኑሮውም ፈለጉ። ተመራማሪዎች በብሩክሊን ካለ ሆስፒታልና ለንደን አጠገብ ካለው የኔተርን ሆስፒታል በተከታታይ የገቡ 250፣ 250 ሕሙማንን ወስደው፣ አንድ ዓይነት የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ አድርገው፣ በአንድ ዓይነት መለኪያ ሰየሟቸው። ልዩነቱ ባብዛኛው ብን ብሎ ጠፋ! የተለያዩት ሕሙማኑ አልነበሩም፤ ሐኪሞቹ ነበሩ። በፊልም የተቀረጹ ቃለ መጠይቆችንም ለሁለቱ አገር ሐኪሞች አሳዩ። አንዱን ታካሚ አይተው ከአሜሪካኖቹ 69 በመቶው «ስኪዞፍሬንያ» አሉ፤ ከእንግሊዞቹ እንዲህ ያሉት 2 በመቶ ብቻ ናቸው። ሰውዬው ያው፣ ፊልሙ ያው። አውሮፕላን ተሳፍሮ ውቅያኖስ ቢሻገር በሽታው ይቀየርለት ነበር ማለት ነው።

በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ዲ ኤስ ኤም፣ ማለትም የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የምደባ መጽሐፍ፣ እያንዳንዱን ስም በተቆጠሩ ምልክቶችና በጊዜ ገደብ ያሰረው ይህን የመሰለ ጉድ ከታየ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በ2019 ያጸደቁት፣ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ፣ አይ ሲ ዲ 11ም በግምት አይሰይምም። ለስኪዞፍሬንያ ከ7 የምልክት ዓይነቶች ቢያንስ 2 ይጠይቃል፤ ከሁለቱ አንዱ ከዋናዎቹ መሆን አለበት፤ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ለ1 ወር ወይም ከዚያ በላይ የኖሩ መሆን አለባቸው። ዲ ኤስ ኤም 5 ደግሞ ሕመሙ በጠቅላላው 6 ወር ካልሞላው አይቀበልም። በ2 ሳምንት ውስጥ ፈጥኖ የከረረ፣ ከ3 ወርም የማያልፍ ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታው የሚያርቅ የአእምሮ መታወክ፣ የራሱ ስም አለው፤ ብዙው ይድናል።

እንግዲህ ፍረዱ። ከታመመ 3 ቀን የሆነውን ሰው «ስኪዞፍሬንያ» ብሎ የሚጽፍ እጅ ከየትኛው መጽሐፍ ገልብጦ ነው? ከአንዱም አይደለም! ሰዓት አጥቼ ነው ይላል። ሰዓት ያጣ ሰው «ሳይኮሲስ፣ ገና ያልተለየ» ብሎ ይጻፍ፤ ምደባው ለዚህ ቦታ አለው፣ እንደዚህ መጻፍም የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው ያልመረመሩትን መሰየም ነው።

በስሜት ሕመምም ያው ነው። «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴን ይወረኛል» የምትል እናት በየጤና ጣቢያው የጨጓራና የታይፎይድ መድኃኒት ስትውጥ ትከርማለች። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ለነገር ያላት ፍላጎት፣ ራስን መውቀስ ይጠየቅ። ከዋናዎቹ አንዱን፣ ማለትም ማዘንን ወይም ፍላጎት ማጣትን ጨምሮ 5 ምልክት ለ2 ሳምንት ከዘለቀ ድብርት ነው። ድብርት ከመባሉ በፊት ግን ሁልጊዜ ተቃራኒው ይጠየቅ፦ ሳይተኙ ብርታት የሚሰማዎት፣ ንግግር የሚፈጥኑበት፣ ገንዘብ የሚበትኑበት ሳምንት ነበር? ይህ ሳይጠየቅ የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊን ለብቻው የታዘዘለት የባይፖላር ታካሚ ማንያ፣ ያንኑ ከልክ ያለፈ ግለት፣ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ የተሳሳተ ስም ይጠብቀዋል። ባለ 9 ጥያቄው የድብርት መጠይቅ ላይ 10 ነጥብ ማምጣትም ምርመራ ለመጀመር ያስገድዳል እንጂ ምርመራውን አይተካም።

ራስን ስለ ማጥፋት ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ኃጢአት ነው ብሎ የሚፈራ ሰው በአንዴ አይናገርም፤ በደረጃ ግቡበት፦ ሕይወት አስጠልቶዎት ያውቃል? ተኝቼ ባልነቃ ብለው ተመኝተው ያውቃሉ? ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ? እንዴት ብለው አሰቡ፣ ያሰቡበት ነገር እቤት አለ? እዚህ ላይ የደረሰ ሰው በወር ቀጠሮ አይሸኝም።

እምነትን በሚመለከት አጠር ላድርግ። ቡዳ አለ፣ ዛር አለ ማለት በራሱ ሕመም አይደለም፤ መንደሩ ሁሉ የሚያምነውን ማመን ነው። ዘመዶቹን ጠይቁ፦ «ይህን የሚለው እንደ እናንተ ነው ወይስ ለእናንተም ግራ ነው?» ጠበል ቦታ መጮኽ፣ ልማዱ በሚቀበለው ሥርዓት ውስጥ ከሆነ፣ አይ ሲ ዲ 11ም ሕመም አይለውም። እናቷን ቀብራ የእናቷን ድምፅ የምትሰማ ልጅም አላበደችም፤ የተራዘመ ሐዘን የሚባለው ቢያንስ 6 ወር ያለፈውና ከልማዱ የበለጠው ነው። ጠበሉንም መድኃኒቱንም ለሚፈልግ «አንዱን ምረጥ» አትበሉት፤ የሚጥለው መድኃኒቱን ነው።

የልጆችና የአረጋውያን ምርመራ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል፤ ዛሬ አልነካውም።

እዚህ ፊት ለፊት ለተቀመጣችሁ የሥራ ኃላፊዎች አንድ ነገር ልበል። ለረጅም ዘመን በመላ አገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል አማኑኤል ብቻ ነበር። የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ጊዜ «ሰው የለንም» ማለት ያስኬድ ነበር። ዛሬ የሠለጠነ ሰው አለ፤ የሌለው ሰዓት ነው። ለአዲስ ታካሚ ቢያንስ 45 ደቂቃ ስጡን! አንድን ባለሙያ በጠዋት 40 ካርድ አሸክማችሁ ትክክለኛ ምርመራ አትጠብቁ። በሪፖርታችሁ ላይ የታየው ሰው ብዛት ብቻ እስከተቆጠረ ድረስ፣ የሚመረተው ካርድ እንጂ ሕክምና አይደለም።

ለእናንተ ለባልደረቦቼ ደግሞ፦ ከነገ ጀምሮ ስም ስትጽፉ ከሥሩ አራት መስመር ጨምሩ። ምን ምልክት አየሁ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማን ነገረኝ፣ ከአካል በሽታ የቱን አጣርቼ ጣልኩ። ከጎኑ ስሙ እንደገና የሚታይበትን ቀን ጻፉ፤ ለመጀመሪያ ሳይኮሲስ ከ3 ወር አይለፍ። ያ ቀን ሲደርስ የድሮውን ስም ሸፍናችሁ እንደ አዲስ መርምሩት፤ ከዚያ አወዳድሩ። ካልተስማማ ሰርዙት፣ የሰረዛችሁበትን ምክንያት ጻፉ፣ ፈርሙ፤ ለታካሚውና ለቤተሰቡም በአፋችሁ ንገሯቸው። የቅጹ ናሙና በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ለየጤና ጣቢያችሁ አንዳንድ ውሰዱ። ከምሳ በኋላ የያዛችኋቸውን አስቸጋሪ ካርዶች፣ ስምና አድራሻ ሸፍናችሁ፣ አብረን እናያቸዋለን።

አመሰግናለሁ።