ጤፍ ተወደደ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላወራችሁ ነው። ደርዝ ትባላለች። እኛ “ደርዝ ያለው ንግግር” ከምንለው ጋር ዝምድና የላትም፤ ድምፁ ነው የገጠመው። ትርጉሟ እጥረት ነው። የሚፈለግ ነገር በበቂ አለመገኘት።

ለዓመታት የማውቃት በዚሁ ብቻ ነበር። ሰሞኑን መነሻዋን ሳይ ግን በጣም ገረመኝ። ቃሏ የተሠራችው “ዲር” ከምትለው ነው። ፈረንጆች ደብዳቤ ሲጀምሩ የሚጽፏት ዲር፤ “ውድ” ማለት ናት። “ዎርም” ሙቅ ሲሆን “ዎርምዝ” ሙቀት ነው አይደል? ዲርም በዚያው መንገድ ደርዝ ሆነች። እንግዲህ ጥሬ ፍቺዋ “ውድነት” ነው።

እስቲ አስቡት። ዲር የምንወደውም ሰው ነው፣ ዋጋው የናረ ዕቃም ነው። የእኛም “ውድ” እንደዚያው ነው። “ውድ እናቴ” እንላለን፤ ገበያ ላይ ደግሞ “ውድ ነው፣ ቀንስ” እንላለን። ሁለቱ ቋንቋዎች በዘር አይገናኙም፤ እዚህ ጋ ግን ተገናኙ።

ድሮ እንግሊዞች ደርዝ ሲሉ በዋናነት የሚያስቡት እህል ነበር። በፈረንጆቹ 1590ዎቹ፣ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ ዝናብ በዝቶ አዝመራው በተከታታይ ተበላሸ። የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ። ያንን ጊዜ ደርዝ አሉት። እህሉ ገበያ ላይ ይታያል፤ የድሃው ሳንቲም ግን አይደርስበትም። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስም በዮሴፍ ታሪክ ሰባቱን ክፉ ዓመታት አንድ ቦታ ላይ በዚህችው ቃል ይጠራቸዋል። የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ “ራብ” ይላቸዋል። ራብ ከሆድ የተነሣ ቃል ነው፣ ደርዝ ከገበያ።

ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ፣ ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ “ጤፍ ተወደደ” ትል ነበር። እኔ በልጅ አእምሮዬ ሰው ሁሉ ጤፍን አብልጦ የወደደው ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ሊጡ ውስጥ ማሽላ ይገባል። እንጀራው ይደርቃል፣ ቶሎ ይፈረፈራል። እሷ ከእኛ ጋር አትቀርብም። “እናንተ ብሉ፣ እኔ ቀምሻለሁ” ትላለች።

“እጥረት” ስትል ሰምቻት አላውቅም። “ተወደደ” ብላ መሶቡን ወደ እኛ ጠጋ ታደርገው ነበር።