የተፈጥሮ ጋዝ ከድንጋይ እንዳይወጣ የሚያደርገው ምንድን ነው?

[ምስል፦ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ]

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ መጀመሪያ የምታገኙት ጥቁሩ ባዛልት ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነበር። ዝቅ ሲል ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ድልድዩ አካባቢ ደግሞ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ይኸው አሸዋ ድንጋይ ኦጋዴን ውስጥ በጥልቀት ተቀብሮ፣ ካሉብ በተባለ ቦታ የተፈጥሮ ጋዝ ይዞ ተገኝቷል። እዚህ ግን ወንዙ ቆርጦ ገላልጦታል፤ ጋዝ የሚያግድ ክዳን፣ ማለትም ከላይ የሚሸፍነው ጥብቅ ድንጋይ፣ የለውም።

[ምስል፦ ሁለት ቁራጭ አሸዋ ድንጋይ፣ ውሃ ጠብ ሲደረግባቸው]

ተመልከቱ። አንዱ ውሃውን ወዲያው መጠጠው። ሌላው ላይ ጠብታው ድብልብል ብሎ ቀረ። ይሄኛው በክብደት ተጭኖ፣ በአሸዋው መካከል ኳርትዝና ሸክላ ሞልቶበታል። ጋዝ የማሳለፍ አቅሙ ከ0.1 ሚሊዳርሲ (የድንጋይ የማሳለፍ አቅም መለኪያ) ሲያንስ «ጥብቅ» ይባላል።

ታዲያ እንዲህ ባለ ጥብቅ ድንጋይ ውስጥ ጋዝ እንዴት ይገባል? ብዙውን ጊዜ ከሩቅ አይመጣም፤ በጥብቅ ድንጋይ ውስጥ ርቆ መሄድ ይከብደዋል። ስለዚህ ጋዙን የሚያመነጨው ድንጋይ ከጎኑ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ቢሆን ይመረጣል። ዋናው ነገር ይሄ ነው።

[ምስል፦ መሬት በስብራት ሲሰምጥ የሚያሳይ ሥዕል]

የመሬት ስብራት የፈጠረው ስምጥ ይህን ጉርብትና በደንብ ያመቻቻል። አንዱ ጎን ሲሰምጥ ሐይቅ ይተኛበታል። ከገደሉ ጎርፍ ጠጠርና አሸዋ ያወርዳል፤ ሐይቁ ውስጥ ጥቁር ጭቃ ይረጋል፤ ዳር ዳሩን ረግረግ ይሆንና ተክሉ ወደ ከሰል ይለወጣል። ስምጡ ሲቀጥል እነዚህ እየተፈራረቁ ይደራረባሉ። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ሶንግልያኦ ተፋሰስ ውስጥ ያለው የሻሄዚ ድንጋይ ልክ እንዲህ ነው፤ ከሰልና ጥቁር ጭቃ ድንጋይ ከጠጠራማው ድንጋይ ጋር ተጠላልፈዋል።

እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ጥቁሩ ጭቃ ሲሞቅ፣ ጋዙን በብዛት ከማውጣቱ በፊት አሲድ ያወጣል። አሲዱ በጎረቤቱ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን ይበላና ትናንሽ ቀዳዳ ይከፍታል። ለሚመጣው ጋዝ ቦታ አዘጋጀ ማለት ነው።

ስብራት ግን ሁለት መልክ አለው። ድንጋዩን ሰነጣጥቆ ለጋዙ መተላለፊያ ይሰጣል። ጋዙ ከተጠራቀመ በኋላ ስብራቱ እንደገና ተንቀሳቅሶ ክዳኑን ከበጠሰ ደግሞ ሁሉም ሽው ብሎ ያልቃል።

[ምስል፦ የአባይ ተፋሰስ ካርታ]

ከአባይ ማዶ፣ ፊንጫ ሸለቆ ላይ፣ ከአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በዕድሜ የሚቀድሙ ደለል ድንጋዮች ይታያሉ። እንዲህ ያለው ድንጋይ በጎጃም ባዛልት ሥርም ሊኖር ይችላል፤ እዚያ ጋዝ ለሚፈልግ ሰው ግን አሸዋ ድንጋይ ማግኘት ብቻውን አይበቃም። በጥልቀት የተቀበረ፣ ከላይ የተከደነ፣ ከጥቁር ጭቃ ድንጋይ ጋር የተነካካ መሆኑን ማየት አለበት።