ሴራሚክ ላይ አትዝለሉ! ስለ «የፀደይ መስዋዕት» ባሌት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ስትራቪንስኪ «የፀደይ መስዋዕት» ካወራን በኋላ ስልኩ እረፍት አጥቷል፣ የዳንስ አሰልጣኛችን እንዲህ መልሰዋል።

ባሌቱ መጀመሪያ የታየ ቀን እውነት ረብሻ ነበር?

ይሄን ሳልጠየቅ የምውልበት ቀን የለም! በፈረንጆቹ ሜይ 29፣ 1913 ፓሪስ ሻንዜሊዜ ቲያትር ውስጥ ፉጨቱ፣ ጩኸቱ፣ ሳቁ ቀለጠ፣ ዳንሰኞቹ ሙዚቃውን መስማት ስላቃታቸው ዳንሱን የፈጠረው ኮሪዮግራፈር ኒዢንስኪ ከመድረክ ጎን ወንበር ላይ ቆሞ ቁጥር ይጮህላቸው ነበር። ኦርኬስትራውን የሚመራው ሞንቶ ግን ንቅንቅ አላለም፣ እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። በዓመቱ እዛው ፓሪስ ሙዚቃው ብቻውን በኮንሰርት ሲቀርብ ስትራቪንስኪን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ነው የወጡት፣ ሰው እንዲህ ነው።

ስንት ደቂቃ ነው?

35 ገደማ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ያልቃል።

ከእስክስታ ጋር ይገናኛል?

አይ። ታሪኩ ለፀደይ አንዲት ልጅ መርጠው የሚሰዉ የጥንት ሩሲያ አረማውያን ነው።

ከጓደኞቼ ጋር መጨረሻ ላይ የምትሰዋውን ልጅ ዳንስ ከዩቲዩብ እያየን ማታ ማታ ሳሎን እንለማመዳለን፣ በባዶ እግር። ምን ትመክሩናላችሁ?

እንድታቆሙ! እስቲ ቁጭ በይና ስሚኝ የኔ ልጅ። ባሌት ማለት እግርን ከዳሌ ወደ ውጭ አዙሮ፣ መሬት የማይነካ እስኪመስል ቀለል ማለት ነበር። ኒዢንስኪ ገለበጠው፣ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አዞረ፣ ክብደቱን ወደ መሬት ጣለው፣ የተመረጠችው ልጅ ደግሞ እስክትሞት ትዘላለች። ዛሬ ዘመናዊ ዳንስ ላይ መሬት መርገጥ የምታዩት ብዙው ነገር እዚህ በር ከፍቶ ነው የገባው፣ ስለዚህ መውደዳችሁን አልፈርድም። ግን ጣት ወደ ውስጥ ዞሮ ስታርፊ ጉልበትሽም ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ውስጡ ያለው ጅማት የሚበጠሰው እንደዛ ነው፣ አንዴ ከተበጠሰ ደግሞ ወራት ነው። ባለሙያዎቹ ዓመታት ተምረው፣ ከስሩ የሚለጠጥ የእንጨት ወለል ላይ ነው የሚዘሉት። የእናንተ ሳሎን ሲሚንቶ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ነው! እጁንና ወገቡን ተለማመዱ፣ ቆጠራውን ያዙ (እሱ ራሱ ያሰቃያችኋል)፣ ዝላዩን አሰልጣኝ ፊት።

የኒዢንስኪን ኦሪጅናል ቪዲዮ የት አገኛለሁ?

የለም። ጥቂት ጊዜ ታይቶ ቀረ፣ በፈረንጆቹ 1920 ማሲን የሚባል ኮሪዮግራፈር በሌላ ዳንስ ተካው። «ኦሪጅናል» ብለው የሚለጥፉት ሚሊሰንት ሆድሰንና ኬኔት አርቸር የሚባሉ ተመራማሪዎች ማስረጃ ለቃቅመው መልሰው የሰሩት፣ የአሜሪካው የዳንስ ቡድን ጆፍሪ ባሌት በ1987 ያቀረበው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የጀርመናዊቷን ኮሪዮግራፈር የፒና ባውሽን የ1975ቱን እዩ፣ መድረኩን አፈር አልብሳ ነው ያስጨፈረችው። በ2020 ይሄንኑ ከተለያዩ የአፍሪካ አገራት የመጡ ዳንሰኞች ሴኔጋል ሲያጠኑት ኮቪድ ጉዟቸውን ሰረዘው፣ የባህር ዳርቻ ላይ ሲለማመዱ ተቀረፀ። አሸዋ ላይ፣ ልብ በሉ። ሴራሚክ አላልኩም።

ልጄ 8 ዓመቷ ነው፣ በጣት ጫፍ የሚቆሙበትን ጫማ ልግዛላት?

አይግዙ እናቴ። አጥንቷ ገና ነው። የኒዢንስኪው ላይ ጭራሽ በጣት ጫፍ የሚቆም የለም።

ስዘል ጉልበቴ ቋ አለ፣ አሁን አብጧል። ወጌሻ ጋ ልሂድ?

የት ዘለልክ ብዬ አልጠይቅህም። ያበጠ ጉልበት በስልክ አይታይም፣ መታሸትም የለበትም። ነገ ጠዋት የአጥንት ሐኪም ጋ ሂድ።