ከዝናቡ ማግስት

ክቡራን እንግዶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በተለይም ለመጀመሪያ ጊዜ አካፋ ልትይዙ የመጣችሁ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የአፈርና ውሃ ጥበቃ በጎ ፈቃድ ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው የቁፋሮውን ቀን ነው። ሕዝቡ ይወጣል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል። እኔ ግን የምለምናችሁ ሌላ ቀን አለ፤ ማንም ካሜራ ይዞ የማይመጣበት፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ያደረበት ጠዋት።

እስቲ እናስላው። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ ማለት 10,000 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። 30 ሚሊ ሜትር ሲጥል 300,000 ሊትር ይሆናል። መሬቱ የተራቆተ ከሆነ ጠብታው አፈሩን ይፈረካክሰዋል፣ ደቃቁ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ መስረግ ያቃተው ውሃም ቁልቁል ይንደረደራል። እርከን የምንሠራው ይህን ሩጫ ለመስበር ነው። ልኩን ከጠበቀ ውሃው ባለበት ረግቶ ይሰርጋል። አንድ ቦታ በስንዝር ዝቅ ካለ ግን የተጠራቀመው ሁሉ ወደዚያች ዝቅታ ይጎርፋል፤ እሷን ደርምሶ ከታች ያለውንም እርከን ጠርጎ ይሄዳል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከጓደኞቼ ጋር ቀኑን ሙሉ ቆፍረን፣ ተጨባብጠን ተለያየን። ልኩን የወሰድነው በዓይን ነበር፤ ተዳፋት ላይ ደግሞ ዓይን ይዋሻል። ከወራት በኋላ ስንመለስ እርከናችን መሃል ሰው የሚያቆም ቦረቦር ተከፍቶ ጠበቀን። መሬቱን ባንነካው ይሻለው ነበር። በመጀመሪያው ዝናብ ማግስት አንድ ሰው አካፋ ይዞ ብቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበረች።

የቡርኪና ፋሶው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎን አንዳንዶቻችሁ ታውቋቸው ይሆናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ድርቅ መሬቱን እንደ ድንጋይ ባደረቀበት ወቅት፣ ከአባቶች የወረሱትን የዘር ጉድጓድ አስፍተውና አጥልቀው ፍግ ይሞሉበት ጀመር። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፣ ምስጡ አፈሩን ይበሳል፣ ውሃውም በዚያው ይሰርጋል። ጎረቤቶቻቸው አብደዋል አሉ። ኋላ፣ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018፣ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከሽልማቱ በፊት ያሉት ዓመታት ናቸው፤ በየበጋው ተመልሰው መቆፈራቸው።

ችግኙም ቢሆን ያው ነው፦ ካልታረመ፣ ከከብት ካልተጠበቀ፣ የተከልነው ጉድጓድ ብቻ ይቀራል።

መቆፈር የማትችሉ እናቶችና አባቶች፣ ለእናንተም ሥራ አለ። ልክ ሲወሰድ ገመድ የሚይዝ፣ እርከኑን ተከትሎ እየሄደ የተናደውን ምልክት የሚያደርግ ሰው ያስፈልገናል። ይህ ጉልበት አይጠይቅም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከወጣቶቹ ይልቅ እናንተ ዘንድ ይገኛል።

መዝገቡ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ ለቁፋሮው ቀን፣ ሁለተኛው ለዝናቡ ማግስት። አንዱን ብቻ መሙላት የሚችል ካለ፣ እባካችሁ ሁለተኛውን ይሙላ።