ፍሪጃችሁ ውሃ ካፈሰሰ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት ይህን እዩ

[ካሜራው ከወለሉ ይጀምራል። ፍሪጁ ስር የተንጣለለ ውሃ፣ አጠገቡ የራሰ ጨርቅ]

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ያለነው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ አንድ ቤት ኩሽና ውስጥ ነው። የምታዩት ውሃ ጠዋት ተወልውሎ ነበር። ይኸው ተመልሶ መጥቷል። የቤቱ እመቤት መላ ብለው የያዙት ጨርቅ ማንጠፍ ነው። ጨርቁ ሲርስ ይጨምቁታል፣ መልሰው ያነጥፉታል።

ገና ከመግባቴ የጠየቁኝን ጥያቄ እናንተም ሳታስቡት አትቀሩም።

«ልጄ፣ ጋዙ አልቆ ነው አይደል?»

አይደለም እትዬ።

ይህን ነገር መጀመሪያ እንጨርሰው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። የፍሪጅ ጋዝ ቢያፈስ ወለል ላይ አይንጣለልም። አር 134 ኤ የሚባለው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አዳዲሶቹ ፍሪጆች ውስጥ የሚሞላው አር 600 ኤ ደግሞ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በአዳማ ሙቀት ከቱቦው እንደወጣ ይተናል፤ በዓይን አታዩትም። ጋዝ ያለቀበት ፍሪጅ የሚታወቀው ማቀዝቀዝ በማቆሙ ነው። የእትዬ ፍሪዘር ግን ሥጋውን ድንጋይ አድርጎታል። ፍሪዘሩ እንዲህ እየሠራ፣ ወለሉ ላይ ያለውን ውሃ ብቻ አይቶ «ጋዝ ይሞላ» የሚል ሰው ከመጣ ሻይ ጠጥቶ ይሂድ።

[ፍሪጁ ተከፍቶ፤ ካሜራው ከፍሪዘሩ ወደ አትክልት መሳቢያው ይወርዳል]

ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ከአየሩ ነው። በሩን በከፈታችሁ ቁጥር የኩሽናው አየር ከነእርጥበቱ ይገባል። ክዳን የሌለው ወጥ፣ ታጥቦ ያልተንጠፈጠፈ ጎመን፣ ሳይበርድ የገባ ሾርባ፣ ሁሉም የየራሳቸውን እርጥበት ይጨምሩበታል። ይህ እርጥበት በጣም የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ በረዶ ይሆናል። ኖ ፍሮስት በሚባለው ፍሪጅ ያ የቀዘቀዘ ነገር ከፍሪዘሩ የኋላ ክዳን ጀርባ ነው ያለው። ኢቫፖሬተር ይሉታል፤ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች የተደረደሩበት ቱቦ ነው።

እዚያ ላይ በረዶ እየተከመረ ቢሄድ አየር ማለፊያ ያጣል። ስለዚህ ፍሪጁ በየጊዜው ራሱን ያቀልጣል። ሞተሩ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ታይመሩ ወይም ቦርዱ ሞተሩን ያቆምና ኢቫፖሬተሩ ስር ያለውን ሂተር ያበራል። ሂተሩ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ያህል ይሞቃል። በረዶው ቀልጦ ከስር ወዳለችው አሸንዳ ይንጠባጠባል። አሸንዳዋ መሃል ቀዳዳ አላት። ውሃው በቀዳዳዋ ገብቶ፣ በቱቦ ወርዶ፣ ከኋላ ሞተሩ ላይ የተቀመጠ ሳህን ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ የሞተሩ ሙቀት ያተነዋል። ጤነኛ ፍሪጅም ውሃ ያወጣል ማለት ነው። ባለቤቱ ግን አያየውም።

አሁን ያቺን ቀዳዳ አስቧት። ያለችው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ድረስ በሚቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የበርበሬ ብናኝ፣ የፌስታል ቁራጭ ከተጠራቀመባት ውሃው ቶሎ አይወርድም። ሂተሩ ሲጠፋ እዚያው የቀረው ውሃ ይጋገራል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣው ደግሞ በላዩ ይጨመራል። አንድ ቀን ቀዳዳዋ ጥርቅም ትላለች። ውሃው ግን መምጣቱን አያቆምም። አሸንዳውን ሞልቶ ወደ ፍሪዘሩ ወለል ይፈሳል፣ እዚያ ጠፍጣፋ በረዶ ይሠራል። የተረፈው በቀዝቃዛ አየር መተላለፊያው በኩል ወደ ታች ይወርድና አትክልት መሳቢያው ስር ይተኛል። ከዚያ ወለሉ ላይ ነው።

[ቅርብ ምስል፦ የፍሪዘሩ ወለል ላይ ያለ የበረዶ ንጣፍ]

ይኸውላችሁ። ይህ ንጣፍ ካለና መሳቢያው ስር ውሃ ካለ፣ ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልግም። መውረጃው ተዘግቷል።

ፍሪዘሩ ወለል ላይ በረዶ ከሌለ ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃው ከኋላ በኩል ብቻ ከሆነ ሳህኑ ተሰንጥቆ ወይም ከቦታው ተንሸራቶ ይሆናል፤ ቤት ሲቀየር የሚደርስ ነገር ነው። የበሩ ጠርዝ የሚያልበው ከሆነ ጎማውን ጠርጥሩ። የ10 ብር ኖት በሩ መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለምንም ትግል ከወጣ ጎማው አይነክስም። በሳሙናና በሞቀ ውሃ አጥባችሁ እንደገና ሞክሩት፤ አንዳንዴ ችግሩ ቆሻሻ ብቻ ነው።

«ለምንድን ነው እኔ ቤት የሚደጋገመው?» ይላሉ እትዬ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግማሹ መብራት ነው።

[ከከተማው ዳር ኮረብታ ላይ የሚዞሩ የንፋስ ተርባይኖች]

እነዚህ የአዳማ 1 እና የአዳማ 2 የንፋስ ተርባይኖች ናቸው። 136 ናቸው፤ በአንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እኛ እነሱን እያየን ሻማ እንፈልጋለን። ለምን እንደሆነ ለመናገር ሌላ ቪዲዮ ያስፈልገኛል፣ ምናልባትም ሌላ አቅራቢ።

ወደ ፍሪጁ እንመለስ። መብራት ሲጠፋ ኢቫፖሬተሩ ላይ ያለው በረዶ ቀስ እያለ መቅለጥ ይጀምራል። ሂተሩ ስለማይሠራ መውረጃው አካባቢ ያለው በረዶ ገና አልለቀቀም። ውሃው እዚያ ደርሶ ይቆማል። መብራቱ ሲመጣ ሞተሩ ይነሳና የቆመውን ሁሉ ያጋግረዋል። ይህ ሲደጋገም አስቡት።

የቮልቴጅ መውረድም አለ፤ ይህኛውን ብዙ ሰው አይቆጥረውም። የሂተር ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው፣ ከዚያ በላይ ነው። ከ220 ቮልት ወደ 180 ስትወርዱ ቮልቴጁ የቀነሰው 18 በመቶ ነው። የሂተሩ ኃይል ግን ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። 200 ዋት የነበረው 134 ዋት ገደማ ይሆናል። በዚያችው በተወሰነችለት ጊዜ በረዶውን ጨርሶ አያቀልጠውም። ማታ ማታ አምፖሉ የሚደበዝዝበት ሰፈር ከሆናችሁ ጥሩ ስታቢላይዘር ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይጠቅማል።

አንድ ነገር በመሃል ልበል። መብራት ከመጣ በኋላ ፍሪጁ ዝም ካለ ወዲያው አትደንግጡ። የድሮው ታይመር መብራት ሲጠፋ ባለበት ይቆማል። በማቅለጥ ላይ ሳለ ከጠፋ፣ ሲመጣ የሚቀጥለው ማቅለጡን ነው፤ ሞተሩ እስከ ግማሽ ሰዓት ላይነሳ ይችላል። ሶኬቱን እየነቀሉ መሰካት ነው ችግር የሚፈጥረው።

[ሶኬቱ ሲነቀል]

እንግዲህ ወደ ሥራው። ሶኬቱን ንቀሉ። የቴርሞስታቱን ቁልፍ ወደ ዜሮ ማዞር አይበቃም፣ ንቀሉት። ምግቡን ጎረቤት ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ከሌለ አንድ ላይ አጠጋግታችሁ ሳፋ ውስጥ፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑት። ከፍሪዘሩ ውስጥ በረዶ የሆኑትን ሃይላንዶች አብራችሁ ጨምሩ። አዳማ ውስጥ ሃይላንድ ያልታጨቀበት ፍሪዘር አላየሁም። ለነገሩ ልማዱ ባይጎዳም፣ ጠርሙሶቹን ከኋላው ክዳን ጋር አታጣብቋቸው፤ አየር መውጫውን ይዘጋሉ።

ከዚያ በሩን ክፈቱና ጠብቁ። ትኩስ ውሃ በድስት ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀምጣችሁ በሩን መለስ ብታደርጉት ይፈጥናል። ድስቱን እርጥብ ፎጣ ላይ አስቀምጡት፤ ፕላስቲኩን በቀጥታ አይንካ። ቬንትሌተር ካላችሁ ፊት ለፊት አቁሙለት። ፎን ልጠቀም የምትሉ፣ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ራቅ አድርጋችሁ፣ ውሃ ባልተኛበት በኩል ብቻ። እርጥብ እጅና ፎን አይገናኙ።

ቢላ፣ ሹካ፣ ካቻቢቴ በረዶው ላይ እንዳታነሱ። ይህን በቁጣ ነው የምናገረው። ኢቫፖሬተሩ ስስ አሉሚኒየም ነው። አንዴ ከተበሳ ያኔ ጋዙ በእውነት አለቀ። አር 600 ኤ ያለበት ፍሪጅ ከሆነ ደግሞ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ ኩሽና ውስጥ ምድጃ እየነደደ። ጨው የሚያፈሱበትም አሉ። በረዶውን ያቀልጠዋል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላዋል።

[የኋላው ክዳን ብሎኖች]

በረዶው ከለቀቀ በኋላ የኋላውን ክዳን እንፈታለን። ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ በትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ተሸፍነዋል። ክዳኑ እምቢ ካለ ከጀርባው ገና በረዶ ይዞታል ማለት ነው፤ ጠብቁ እንጂ አትጎትቱ። የፋኑ ሽቦ ከክዳኑ ጋር የተያያዘባቸው ፍሪጆች ስላሉ ቀስ ብላችሁ ነው የምታወጡት። ጓንት አድርጉ። እነዚህ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ጣት ይቆርጣሉ።

አሁን ከስር ተመልከቱ። አሸንዳዋ ይህች ናት፣ ቀዳዳዋ ያችውና። ከፋርማሲ አንድ ትልቅ ሲሪንጅና የጉሉኮስ ቱቦ ግዙ። ቱቦውን ሲሪንጁ ጫፍ ላይ ሰክታችሁ ለብ ካለ ትንሽ ሞቅ ያለ ውሃ ቀዳዳው ውስጥ ግፉ። የፈላ ውሃ አይሁን፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ውሃው ይመለስባችኋል። በጨርቅ አድርቁና ድገሙት። ቱቦውን እያዞራችሁ ወደ ውስጥ ስደዱት። በድንገት ጉሮሮዋ ሲከፈት ይሰማችኋል።

[ድምፅ፦ ከኋላ ሳህኑ ላይ የሚወርድ ውሃ]

ሰማችሁት? እትዬም ሰምተዋል።

ከዚህ በኋላ የሚያዳልጥ ቆሻሻ እንዳይቀር፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ አውርዱበት። ቀጥሎ ንጹህ ውሃ። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጋችሁ የቱቦውን ታችኛ ጫፍም እዩ። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ምንቃር የምትመስል ጎማ አለቻቸው። እሷ ውስጥ ጭቃ ከተጋገረ ከላይ የለፋችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። አውጥታችሁ እጠቧት። ሳህኑንም እጠቡት፤ ሽታው የት እንደነበር ያኔ ይገባችኋል። እግረ መንገዳችሁንም የአዳማን አቧራ ከኋላው ጥረጉለት።

[ቅርብ ምስል፦ የመዳብ ሽቦ]

ተመልሶ እንዳይዘጋ የማደርገው ደግሞ ይህን ነው። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ወፈር ያለ የመዳብ ሽቦ፣ 4 ካሬ የሚባለውን፣ አንድ ስንዝር ያህል ግዙ። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ግፈፉት። አንዱን ጫፍ ከአሸንዳዋ በላይ ባለው የሂተሩ ቱቦ ላይ ጠምጥሙ፣ ሌላውን ጫፍ ቀዳዳዋ ውስጥ አንጠልጥሉት። ሂተሩ በሞቀ ቁጥር መዳቡ ሙቀቱን ወደ ጉሮሮዋ ያወርደዋል። አንዳንድ ፍሪጆች ከፋብሪካ ሲወጡ ለዚሁ ሥራ የአሉሚኒየም ቁራጭ አላቸው። የእናንተ ካለው፣ ወደ ቀዳዳው ገብቶ እንደሆነ ብቻ አረጋግጡ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሂተሩ የመስታወት ቱቦ ከሆነ አጥብቃችሁ አትጠምጥሙ፣ ይሰበራል። መዳቡም ከኤሌክትሪክ ሽቦው መጋጠሚያ ይራቅ።

ባለ አንድ በር፣ በረዶ የሚጋግር ፍሪጅ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የምትፈቱት ነገር የለም። ቀዳዳችሁ የፍሪጁ ክፍል የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ከአትክልት መሳቢያው ከፍ ብሎ ነው ያለው። እዚያ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በረዶ ሳይሆን የሰላጣ ቅጠል ነው። በዚያው ሲሪንጅ አጽዱት። ግድግዳው ላይ የምታዩት ጠብታ ጤናማ ነው፣ ፌስታልና ድስት ብቻ አታስደግፉበት።

ሁሉንም ገጥማችሁ ፍሪጁን ወደ ቦታው ስትመልሱ ፊቱ ከኋላው በጥቂቱ ከፍ ይበል፤ በሩም በራሱ ይዘጋላችኋል። ሰክታችሁ ምግቡን ከመመለሳችሁ በፊት በደንብ ይቀዝቅዝ። በፋሲካ ዋዜማ ከሆነ የምትሠሩት ደግሞ ለሌላ ቀን አሳድሩት። ሥጋ የሚገባበት ቀን አይደለም ፍሪዘር የሚፈታው።

በረዶው በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ከመጣስ? ወይም ክዳኑን ስትፈቱ ኢቫፖሬተሩ ከላይ እስከ ታች በበረዶ ተሸፍኖ ካገኛችሁት? እንዲህ ከሆነ ሂተሩ፣ የማቅለጫው ቴርሞስታት ወይም ታይመሩ ተበላሽቷል። የሲሪንጅ ሥራ አይደለም፣ ባለሙያ ጥሩ። ሲመጣ ሂተሩን በመልቲሜትር እንዲለካው ጠይቁት። 220 ቮልት ላይ 200 ዋት የሆነ ሂተር 242 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ጭራሽ ካልነበበ ተቃጥሏል። ዋጋውን ከመፍታቱ በፊት ተነጋገሩ፣ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ እጃችሁ ላይ ያስቀምጥ።