አይብ ሲያምረን

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ አይብ ነው። እርጉዝ ነኝ፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ አይብ ደግሞ ሌት ተቀን ያምረኛል። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው አገር የወተት አገር ስለሆነ አምሮቱን ለማውጣት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎረቤት ራሷ ትልክልሻለች። "ልጄ፣ ያማረሽ ከቀረብሽ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል" ትልሻለች። ምልክቱን እኔ አላምንበትም። ግን ሳህን ሸፍኖ የእርጉዝ ቤት በር ማንኳኳት ደስ የሚል ባህል ነው፣ እንዲቀርም አልፈልግም።

አንድ ጥያቄ ግን መጠየቅ አለብን። ወተቱ ፈልቶ ነበር ወይ?

አይብ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ጥሬው ወተት ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣለታል፣ የቀረው አሬራ ቀስ ባለ እሳት ይሞቃል። እሳቱ ከበዛ አይቡ ይደርቃል፣ ስለዚህ ባለሙያ የሆነች ሴት እንዳይፈላ ትጠነቀቃለች። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ አይቡን ለስላሳ የሚያደርገው ሙያ ጀርሙንም ሳይገድል ሊያልፍ ይችላል። ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ፋብሪካ ወተቱን ፓስቸራይዝ ሲያደርግ 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ ያቆየዋል፣ ያን ጊዜ ይሞታል። ፍሪጅ ግን አይገድለውም፣ እንዲያውም ቅዝቃዜ ውስጥም ይራባል። በወይራ የታጠነ ዕቃም ሽታው ደስ ይላል፣ ወተቱንም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዘዋል፣ ማፍላትን ግን አይተካም።

"እኛ ስንበላ ኖረን ምን ሆንን?" የሚሉ እናቶች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ በሽታው ብዙ ሰው አይዘውም። እርጉዝ ሴት ግን ከሌላው ሰው ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ተጋላጭ ናት፣ እናትየዋን ትንሽ አሞ የሚተዋት በሽታ ደግሞ ጽንሱን ሊገድል ወይም ያለጊዜው ሊያስወልድ ይችላል። በየሰፈሩ "አስወረዳት" ተብሎ የሚታለፍ ስንት አለ፣ ምክንያቱን ማን መረመረ? ይሄ ነው ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ።

ስለዚህ እኔ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ሙያዋን የናቅሽባት እንዳይመስላት ትፈሪያለሽ። "እትዬ፣ ሐኪም ጥሬ ወተት ከልክሎኛል" ስትያት ግን ወዲያው ይገባታል። የጎረቤቴ መልስ "ታዲያ ምን ቸገረኝ፣ ላንቺ አፍልቼ እሠራልሻለሁ" ነበር።

ቤት መሥራትም ቀላል ነው። ወተቱን በደንብ አፍሉት፣ እሳቱን አጥፉና ሎሚ ጨምቁበት፣ ሲቋጥር በንጹህ ጨርቅ አጥልሉት። እውነቱን ለመናገር የአሬራውን ኮምጠጥ ያለ ጣዕም አያመጣም፣ ግን ሚጥሚጣና ጨው ሲገባበት አምሮቱን ይቆርጣል። ትኩሱን፣ የዚያኑ ቀን ብሉት፣ አታሳድሩት። ከገበያ የመጣ አይብ ካለ ደግሞ ጎመኑ ላይ ጨምራችሁ እንፋሎቱ እስኪወጣ አሙቁት። ክትፎ ላይ ሆኖ ሲመጣ ግን ይቅርባችሁ፣ ጥሬ ሥጋው የራሱ ጣጣ አለው። የሱፐርማርኬቱ ፕሮቮሎኔ የሚባለው አይብ ፓስቸራይዝድ ከሆነ ችግር የለውም።

ከአይብ ሌላ አፈር የሚያምራችሁም አላችሁ፣ አትፈሩ፣ ለክትትል ስትሄዱ ንገሩ፤ የብረት እጥረት ሊሆን ስለሚችል ደማችሁን ያዩታል።

ትኩሳት፣ የሰውነት ቁርጥማት፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ደግሞ "ምች ነው" ብላችሁ በዳማከሴ ብቻ አትለፉት። ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ በጊዜ ከተደረሰበት አንቲባዮቲክ አለው። ጥሬ ወተት ወይም አይብ በልታችሁ ከነበረም ሳትጠየቁ ተናገሩ። በሽታው እስከ 70 ቀን ድረስ ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ ባለፈው ወር የበላችሁትም ይቆጠራል።