ሁለት ጠርሙስ ውኃ ይዤ መጥቻለሁ
በአካባቢ ሳይንስ ማስተርስ ለመማር ለሚያስቡ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተመራቂዎች፤ እንደምን አደራችሁ!

ይኼን የያዝኩትን አያችሁት? ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ሁለቱንም ዛሬ በጠዋት ነው የቀዳሁት። በቀኝ እጄ ያለው ከእንጦጦ ግርጌ ከሚወርድ ጅረት ነው። ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ ገብታበታለች። በግራ እጄ ያለው ከታች ነው፣ ያ ጅረት ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ትልቁ አቃቂ ከሆነ በኋላ። ቀለሙ የልብስ እጣቢ ይመስላል። ሲነቀነቅ የሚያወጣው አረፋ ቶሎ አይጠፋም። በሁለቱ መካከል ያለችው አዲስ አበባ ናት።

ይኼ ውኃ እዚያ አይቆምም። አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። መንገድ ላይ ደግሞ በፓምፕ እየተሳበ ቆስጣና ሰላጣ ያጠጣል። ቆስጣው ተመልሶ ወደ ከተማ ይመጣል። ወንዙን ከተማችን ውስጥ ጥለነው የሄድን ይመስለናል እንጂ ማታ ማታ ገበታችን ላይ እናገኘዋለን።

አዘጋጆቹ የጠሩኝ ስለ ማስተርስ እንድናገር ነው። ከናንተ የመጡልኝን ጥያቄዎች አንብቤያቸዋለሁ። አብዛኞቹ አንድ ናቸው፤ "በአካባቢ ሳይንስና በዘላቂ ልማት ብንማር ሥራ እናገኛለን ወይ?" ትላላችሁ። ቀጥታ ልመልስ። ሥራው አለ። በየዓመቱም እየበዛ ነው። ግን ዲግሪው ብቻውን አያደርሳችሁም። አስቀድማችሁ የምትሠሩበትን ችግር ያዙ። ወንዝ ይሁን፣ ቆሻሻ ይሁን፣ ቡና ይሁን፣ አንዱን ያዙ። ትምህርት ቤቱን ከዚያ በኋላ ፈልጉ። እኔ ያደረግሁት ተቃራኒውን ነው፤ ብዙ ዓመት አስከፍሎኛል።

የመጀመሪያ ዲግሪዬ ኬሚስትሪ ነው። ስመረቅ ሥራ አጣሁ፤ ጓደኞቼ ማስተርስ ሲመዘገቡ አብሬ ተመዘገብኩ። ለምን እንደምማር ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። አንደኛውን ዓመት ኮርስ ወሰድኩ። ሁለተኛውን ዓመት ቲሲስ ጻፍኩ። ርዕሱን የመረጠልኝ አድቫይዘሬ ነው። ውጤቴ ጥሩ ነበር። ቲሲሱ ዛሬም ድረስ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ከፈታኞቼ በስተቀር ያነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ አንድ አማካሪ ድርጅት ቀጠረኝ። ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬ የመጣሁት ለክስ አይደለም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አለቃዬ በፍላሽ አንድ ፋይል ሰጠኝ። የሌላ ፋብሪካ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሪፖርት ነው፤ ፋብሪካው አካባቢውን ምን ያህል እንደሚጎዳ አስቀድሞ የሚጠናበት። "ስሙንና ቦታውን ቀይሪው፣ እስከ ዓርብ ይድረስ" አለኝ። ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። መሀል ላይ "ከፕሮጀክቱ በስተምሥራቅ የሚገኘው ሐይቅ" ይላል። አዲሱ ፋብሪካ የሚሠራበት ወረዳ ውስጥ ሐይቅ የለም። ጭራሽ የለም! ከኔ በፊት የቀየረው ሰውም አላነበበውም ማለት ነው። የፈረመውም አላነበበውም። ያጸደቀውም አላነበበውም።

በዚያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ቁጥር 299፣ በጥናት ሪፖርት ላይ የሐሰት መረጃ ማቅረብን ጥፋት አድርጎታል። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን መብት አድርጎታል። ሁለቱንም ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቼባቸዋለሁ። ፍላሹን ይዤ ስቀመጥ ግን "አልፈርምም" ለማለት የሚያስችል ነገር እጄ ላይ አልነበረም። ቦታውን አላየሁትም። ውኃውን አልለካሁትም። በምን አፌ ልከራከር?

ሁለት ወር ቆይቼ ለቀቅኩ። ከዚያ ነው ጅማ አካባቢ ወደሚገኙ የቡና ማጠቢያዎች የሚወስድ የመስክ ሥራ ያገኘሁት።

እሸት ቡና በሚታጠብበት ወቅት እዚያ ሄዳችሁ ከሆነ ሽታውን ታውቁታላችሁ። ቀዩ ፍሬ ይፈለፈላል። ሥጋውና ልጋጉ ከውኃ ጋር ይወጣል። ስኳር ያለው ነገር ስለሆነ ይቦካል፣ ይኮመጥጣል። ያ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይረባረቡበታል። እሱን ሲበሉ ውኃው ውስጥ የነበረውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣውም ሌላውም ነፍሳት አየር አጥቶ ያልቃል። ማንም መርዝ አልጨመረም። ቡና ነው ያጠብነው።

አንዲት እናት ከብቶቻቸውን እየነዱ ወንዙ ዳር አገኙኝ። ኩሬው ላይ ጎንበስ ብዬ ስለካ ቆመው አዩኝ። ከዚያ "ልጄ፣ እዚህ ብዙ ሰው መጥቶ ጽፎ ይሄዳል። ላሞቼ ከዚህ ወንዝ አፋቸውን የሚያነሱት ለምንድን ነው? እስቲ እሱን ንገሪኝ" አሉኝ።

ያንን ጥያቄ መመለስ ችዬ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማርኩት ነገር ለሰው ጠቀመ። የኦክስጅን መለኪያውን ውኃው ውስጥ ነክሬ ቁጥሩን አሳየኋቸው። ከማጠቢያው በላይ ወስጄ ደግሞ ሌላውን አሳየኋቸው። ቁጥር ማንበብ ባይችሉም ልዩነቱ ገባቸው። ልጃቸውን ጠርተው "ና እይ" አሉት። ያን ዓመት ከማጠቢያው ባለቤት ጋር ስንጨቃጨቅ፣ ስንማከር ከረምን። በመጨረሻ ማዝቀጫ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፣ ፍሳሹ በሚሄድበት ላይ ቬቲቨር ሳር ተተከለ። የሳሩ ሥር ጥልቅ ነው፤ ፍሳሹን ያዘገያል፣ ብዙውን ነገር ይይዛል። ወንዙ በአንድ ክረምት አልዳነም። ግን እኒያ እናት በሚቀጥለው ዓመት ላሞቻቸውን ሲያጠጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ችግር ያዙ ስላችሁ የዚህ ዓይነት ነገር ማለቴ ነው።

አሁን ሥራው የት አለ? ከቡና ሳንወጣ አንዱን ልንገራችሁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ሕግ አውጥቷል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ቢራዘምም ሕጉ አለ። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና አልገዛም ይላል። እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በካርታ መታወቅ አለበት። እስከ 4 ሄክታር ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ ይለካል። እንግዲህ አስቡት፤ የኛ ቡና አብዛኛው ከአነስተኛ ገበሬ ማሳ የሚመጣ ነው። በዚያ ላይ ቡናችን ጥላ ይወዳል። ከሳተላይት ሲታይ ቡናው ደን ይመስላል፣ ደኑም ቡና ይመስላል። አንድ ገበሬ የጥላ ዛፉን ቢያሳሳ ኮምፒውተሩ "ደን ጨፈጨፈ" ሊለው ይችላል። ማሳውን ዞሮ አይቶ፣ ምስሉን አንብቦ፣ "አይደለም፣ ማስረጃው ይኸው" ብሎ የሚከራከር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ካርታም፣ ደንም፣ ሕግም፣ የገበሬ ቋንቋም ማወቅ አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ብትሆኑ ሥራ ፈላጊ አትሆኑም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚሠራ ፕሮጀክት ሁሉ ማሟላት ያለበት 10 የአካባቢና የማኅበራዊ መመዘኛዎች አሉ፤ ማስታወቂያ ላይ "ሴፍጋርድ ስፔሻሊስት" የሚል ካያችሁ የነዚህን መሟላት የሚከታተለው ባለሙያ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው፤ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ቀንም ሌሊትም የሚጠብቀው ባለሙያ ይፈልጋል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላ ያ ሁሉ ባትሪ የት ይሄዳል? ይኼን ከአሁኑ ለማጥናት የሚነሳ ካለ እኔ ራሴ ላግዘው ፈቃደኛ ነኝ።

ስለ ቆሻሻ ግን ማለፍ አልችልም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲከመር የኖረበት ቦታ ነው። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ እንደሚባለው፣ ክምሩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲያድግ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ በኋላ ቦታውን ለማስተካከል የተሠራበት ዘዴ ፉኩኦካ ይባላል፣ ከጃፓን የመጣ ነው። ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ቆሻሻው ሥር ይዘረጋሉ። ፍሳሹ በነሱ ይወጣል፤ አየር በነሱ ይገባል። አየር ሲገባ ቆሻሻው ቶሎ ይበሰብሳል፣ ሚቴን የሚባለው ጋዝም ይቀንሳል። ውስብስብ ማሽን የለውም። ቱቦ፣ ድንጋይና የገባው ሰው ነው የሚፈልገው። እኔን ዛሬም የሚቆጨኝ ይኼ ነው። እንዲህ ያለ እውቀት መድረስ የነበረበት ሰው ከማለቁ በፊት ነበር። በየክልሉ ከተማ ዳር ሌላ ቆሼ እያደገ ነው። የናንተንም ከተማ ሄዳችሁ እዩት።

እንግዲህ የት ትማሩ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ሳይንስ አለ። ለደን ወንዶ ገነት አለላችሁ። ለውኃ አርባ ምንጭ፣ ለአካባቢ ጤና ጅማ አሉ። ውጭ አገር ለሚያስብ የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንደስም የጀርመኑ ዳድም በዚህ ዘርፍ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። አገር ውስጥ ለመግባት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋትን፣ ማለፍ አለባችሁ፤ ዝግጅቱን ለመጨረሻው ወር አታቆዩት።

ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ግቢው ድረስ ሂዱ። በስልክ አይሆንም። ላብራቶሪው ተከፍቶ ያሳዩዋችሁ። መሣሪያው ይሠራል ወይስ አቧራ ለብሷል? ሪኤጀንት፣ የመመርመሪያው ኬሚካል፣ አለ? ከዚያ ሁለተኛ ዓመት ያለ ተማሪ ፈልጉና ሻይ ጋብዙት። "አድቫይዘርህን በወር ስንቴ ታገኘዋለህ? ሜዳ ስንት ቀን ወጣህ?" በሉት። ከተመረቁት መካከል ሦስት ሰው ፈልጋችሁ አሁን ምን እንደሚሠሩ ጠይቁ። ይኼ ሁሉ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሁለት ዓመት ያድንላችኋል።

ቲሲሳችሁንም የሚፈልገው ሰው ይኑር። የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ፋብሪካ፣ የገበሬዎች ማኅበር ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሄዳችሁ "ምን ቢታወቅ ይጠቅማችኋል?" በሏቸው። መልሳቸውን ይዛችሁ ወደ አድቫይዘራችሁ ሂዱ። ስትጨርሱ ውጤቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ፣ እነሱ በሚናገሩት ቋንቋ በሁለት ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው። ከማውቃቸው ወጣቶች ቶሎ ሥራ ያገኙት ይኼን ያደረጉት ናቸው። ሲቪያቸው ሳይደርስ ስማቸው ይደርሳል።

ስለ ገንዘብ አልዋሻችሁም። መጀመሪያ ላይ ደመወዙ ትንሽ ነው። ቤት ኪራይ የምትከፍሉ፣ ቤተሰብ የምትረዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለናንተ በኤክስቴንሽን እየሠሩ መማር አለ። ይደክማል። ግን ከሥራ ወጥቶ የሚመጣ ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ትላንት የገጠመውን ነው የሚጠይቀው። ወላጆችም እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ "ቆሻሻ ላይ ነው የምሠራው" ስትላችሁ አትዘኑባት። የከተማውን ጤና ነው የምትጠብቀው።

ወደ ጠርሙሶቼ ልመለስና ላብቃ። ዛሬ ጠዋት ከሁለቱም ቦታ ሌላ ናሙና ቀድቼ በበረዶ ሣጥን ላብራቶሪ አድርሻለሁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ንጹሕ ውኃ እንኳ እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 7 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ቢሆን ወደ 9 ይጠጋ ነበር። የታችኛውን በንጹሕ ውኃ አቅጥነነዋል፤ እንዳለ ቢቀመጥ ኦክስጅኑ ወዲያው ስለሚያልቅ መለካት አይቻልም። ከዚያ ጠርሙሶቹን ጢም አድርገን ሞልተን፣ አየር እንዳይገባ ዘግተን፣ 20 ዲግሪ ላይ ጨለማ ውስጥ አስቀምጠናቸዋል። አምስት ቀን ይቆያሉ። ስንት ኦክስጅን እንደተበላ ያኔ ይነበባል። ቢኦዲ የምንለው ይኼ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። የሚነበቡት ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ማየት የምትፈልጉ በሩ ላይ ያለው መዝገብ ላይ ስማችሁን ጻፉ። ጋዋን አለ። የላይኛውን እኔ አነባለሁ፣ የታችኛውን ከናንተ አንዳችሁ ታነቡታላችሁ።

አመሰግናለሁ።